ጃፓን ገጠር ደሴት ላይ እንግሊዝኛ ለማስተማር፦ ከማመልከቻው እስከ መመለሻው መርከብ

"ጃፓን አስተምረህ የለ እንዴ፣ እስቲ ንገረን" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ ሦስት ዓመት ያስተማርኩት ደሞ ጎቶ የሚባሉት ደሴቶች ላይ፣ ከናጋሳኪ ከተማ ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ውስጥ ገባ ብሎ። ቶኪዮን በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ከሆነ አውጧት። ባቡር የለም፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መንገዱ ጭር ይላል። ጎቶ ከተማ በ2020 ቆጠራ ወደ 34 ሺህ ሰው ነው የቀራት፣ በ1955 ከ90 ሺህ በላይ ነበራት፣ ልጆቹ ሃይስኩል ሲጨርሱ በመርከብ ይሄዱና በዛው ይቀራሉ። ይሄ ቁጥር ክፍል ውስጥ ስትገቡ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ እመለስበታለሁ።

1. በየት በኩል እንደምትገቡ ለዩ

ዋናው በር ጄት ፕሮግራም ነው። የጃፓን መንግሥት ከ1987 ጀምሮ የሚያካሂደው፣ ከውጭ ሰው አምጥቶ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚመድብበት። የሥራችሁ ስም ኤኤልቲ ነው፣ ረዳት የቋንቋ መምህር። የፈለገው ዘርፍ ዲግሪ ይበቃል፣ ጃፓንኛም አይጠይቁም፣ ዜግነት ግን ይጠይቃሉ፣ የምታመለክቱበት አገር ዜጋ መሆን አለባችሁ። ግሪን ካርድ አይሠራም። ይሄን ሳያይ ሙሉ ማመልከቻ ጽፎ የጨረሰ ልጅ አውቃለሁ፣ ስለዛ ሲቲዝንሺፕ ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ሌላው መንገድ በግል ቀጣሪ ኩባንያ መግባት ነው፣ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ይፈልጋሉ፣ ደሞዙም ከጄት ያንሳል። አገር ቤት አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ለተማረ ሰው ይሄ 12 ዓመት የሚሉት ነገር ግድግዳ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ላላችሁ የጃፓን ኤምባሲ በየዓመቱ የሚያወጣው የመንግሥት ስኮላርሺፕ የተሻለ በር ነው፣ እሱ ግን ለመማር ነው፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ከአሜሪካ ለሚያመለክት ጊዜው እንዲህ ነው፦ ማመልከቻ በፎል፣ ኢንተርቪው ጃንዋሪ ፌብሩዋሪ አካባቢ፣ መልስ በስፕሪንግ፣ ጉዞ ጁላይ መጨረሻ ወይ ኦገስት። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ስለዚህ ሥራ አትልቀቁ። ድርሰቱ ላይ "ከልጅነቴ ጀምሮ አኒሜ እወዳለሁ" የሚለውን ተዉት፣ ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። እኔ የጻፍኩት ገጠር አያቴ ጋ ክረምት ያሳለፍኩበትን ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሳምንት መክረምን፣ እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት መብላትን። የት እንደምትፈልጉ የሚሞላበት ቦታ ላይ ገጠር ብትሉ ጥሩ ነው፣ ይሰጡኛል ብላችሁ ግን አትሟገቱ፣ ምደባው የነሱ ነው።

ደሞዝ ለብዙ ዓመት ለጀማሪ በዓመት 3.36 ሚሊዮን የን ነበር፣ በ2025 ወደ 4.02 ሚሊዮን አሳድገውታል። ኮንትራቱ ዓመት በዓመት ነው የሚታደሰው፣ ቢበዛ 5 ዓመት።

2. ሻንጣ

መድኃኒት ቀልድ የለውም። አዴራል የሚባለው የትኩረት ችግር መድኃኒት በሐኪም የታዘዘ ቢሆን እንኳን ጃፓን አይገባም፣ በጭራሽ። ለጉንፋን የምንውጠው ሱዳፌድም ውስጡ ባለው ነገር ምክንያት ችግር ያመጣል። ከአንድ ወር በላይ የሚሆን የታዘዘ መድኃኒት ካላችሁ ቀድማችሁ ፈቃድ አስወጡ።

ቋንጣ አትያዙ። እናቴ ደብቃ ልትከትልኝ ስትል ነው የያዝኳት፣ የሥጋ ውጤት ያለ ሰርተፊኬት ክልክል ነው፣ ኤርፖርቱ ላይ የሚያሸቱ ውሾች አሉ። ጥሬ ቡናም የእፅዋት ቁጥጥር አለበት፣ ለምን ትጨነቃላችሁ፣ የይርጋጨፌ ጥሬ ቡና እዛው ጃፓን ኦንላይን ይሸጣል፣ ከመርከቡ ጋር እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ምጣድ ልወስድ የምትሉ ስሙኝ፦ ጃፓን 100 ቮልት ነው። የአሜሪካ ምጣድ ይሰካል ይሠራል፣ ግን ሙቀቱ ከሚያውቀው 70 በመቶ ገደማ ነው የሚሆነው፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። እኔ መጨረሻ ላይ ሶባ የሚሉትን እህል ዱቄት ከስንዴ ጋር አብኩቼ በትልቅ መጥበሻ ነበር የምጋግረው፣ እንጀራ ነው ብዬ አልምልም ግን ወጥ ያነሳል።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪገባ ቢያንስ 300 ሺህ የን ቢኖራችሁ አትጨነቁም። እግራችሁ ትልቅ ከሆነ ጫማም ያዙ፣ ለውጭ እና ለውስጥ ለየብቻ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ጫማ ይቀየራል። እና ፎቶ፣ የታተመ ፎቶ፣ የቤተሰብ፣ የገበያ፣ የበግ፣ የምንም።

3. መንጃ ፈቃድ

ደሴት ላይ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው፣ አውቶቡሱ በቀን ሦስት አራቴ ብቻ ነው ያለው። ኢንተርናሽናል ፈቃድ ለአንድ ዓመት ያስነዳችኋል፣ ከዛ ወደ ጃፓን ፈቃድ መቀየር አለባችሁ። እዚህ ላይ ለሀበሻው ምርጥ ዜና አለ፣ ብዙ የአሜሪካ ስቴት ሰዎች ተፈትነው ይወድቃሉ ይደግማሉ፣ የሜሪላንድና የዋሺንግተን ስቴት ፈቃድ ያለው ግን የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና ሳይወስድ ነው የሚቀየርለት። ሲልቨር ስፕሪንግና ሲያትል፣ ሰምታችኋል! ሕጉ አንዳንዴ ስለሚነካካ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር እዛው አገር እንደኖራችሁ ማሳየትም አለ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ሪከርድ ከኤምቪኤ (መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው የሜሪላንድ መሥሪያ ቤት) አስወጥታችሁ ያዙ፣ ያሳደሳችሁት ካርድ ላይ ያለው ቀን ብቻ ጣጣ ያመጣል።

መኪናው ኬይ ይባላል፣ ቢጫ ታርጋ፣ ሞተሩ 660 ሲሲ። ያረጀ ግዙ፣ የባሕሩ ጨው ማንኛውንም መኪና ይበላዋል። ሻከን የሚሉት ምርመራ በየሁለት ዓመቱ አለ፣ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ሻከኑ ስንት ወር ቀረው" ብላችሁ ነው፣ ኪሎ ሜትሩን አይደለም።

4. የመጀመሪያው ሳምንት

አድራሻ በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ትመዘገባላችሁ። ፎርሙ ላይ ዓመቱን በነሱ ዘመን ነው የሚጠይቁት፣ ሬይዋ ይባላል፣ 2025 ማለት ሬይዋ 7 ነው። አብረውኝ የመጡት አሜሪካኖች ግራ ሲጋቡ እኔ 2018 ቀንሼ ቁጭ። ዘመን ሲቀያይር ላደገ ሰው ምን ይከብዳል።

ስም ግን ከበደኝ። ለነሱ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ ሁሉም ሰው በአባቴ ስም ነው "ሴንሴይ" (መምህር) እያለ የሚጠራኝ። ስድስት ወር ያህል አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ቀን "በዚህኛው ጥሩኝ" በሉ፣ ከዛ በኋላ ለመቀየር አይመችም፣ የስም ዝርዝሩ ታትሞ ኮፍያው መስቀያ ላይ ሳይቀር ይለጠፋል። በፊርማ ፈንታ የሚመታ የስም ማኅተም ታስቀርጻላችሁ፣ ገብረመድኅን የሚባል ካለ አሳጥሩት፣ ክቡ ውስጥ አይገባም።

ኦገስት ስለምትደርሱ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው፣ ስለዛ አንድ ወር ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን የጃፓንኛ ፊደላት ተማሩበት። ፊደላችን እኮ ነው! አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው፣ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ ብሎ የሚሄድ። ፈረንጁ ስድስት ወር የሚታገለውን እኔ በሁለት ሳምንት ጨረስኩ፣ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሀ ሁ ሂ ስለቆጠርኩ ነው።

5. ክፍሉ

አሁን ወደ ዋናው። ከ2020 ጀምሮ 3ኛና 4ኛ ክፍል በዓመት 35 ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ አላቸው፣ 5ኛና 6ኛ ደሞ 70፣ እሱ በማርክ የሚያዝ ነው። ትንሿ ትምህርት ቤቴ ጠቅላላ 11 ልጅ ነበራት። ሁለት ተከታታይ ክፍሎች ተደምረው 16 ወይ ከዛ በታች ከሆኑ ባንድ አስተማሪ ባንድ ክፍል ይማራሉ፣ ስለዚህ አምስተኛና ስድስተኛ አብረው ቁጭ ብለው፣ ግማሹ ዓምና የተማረውን ይደግማል ግማሹ አዲስ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው የኤኤልቲ ጨዋታ በሙሉ ለ35 ልጅ የተሠራ ነው። ሦስት ልጅ ይዞ ቢንጎ ሞክሩት እስቲ። ከዛ የባሰው ደሞ የጥያቄና መልሱ ነገር ነው፣ "የምትወደው ቀለም ምንድነው ብለህ ጓደኛህን ጠይቅ" ስትሉት ዝም ብሎ ያያችኋል፣ ምክንያቱም አራቱ ልጆች ከመዋእለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ናቸው፣ የልጁን ቀለም ብቻ ሳይሆን የአያቱን የደም ግፊት ያውቃል። መልሱን የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ለምን ይጠይቃል? ልጁ ልክ ነው።

ስለዚህ የማያውቁትን ሰው አምጡላቸው። መጀመሪያ እናንተ ናችሁ ያ ሰው፣ ግን በሁለት ወር ታልቃላችሁ። ከዛ ሌላ ደሴት ካለ ትንሽ ትምህርት ቤት ጋር በቪዲዮ አገናኟቸው፣ ሁሉም ልጅ ታብሌት አለው። እኔ አዲስ አበባ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ነበር የማስገባው፣ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ስለሚራራቅ እነሱ ከምሳ በኋላ ሲሆኑ እሷ ገና ቁርሷ ላይ ናት። "ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ሲጠይቋት "ሁለት ሰዓት" ብላ በኛ አቆጣጠር መለሰች፣ ክፍሉ ተረበሸ፣ እንግሊዝኛ እያወሩ መሆኑን ሳያውቁት አርባ አምስት ደቂቃ አለቀ። 13 ወር አለን የሚለውም እንደዛው ነው፣ ማንም ልጅ ሳይጠይቅ አያልፈውም።

ስማቸውን በፊደል ጻፉላቸው። ሳኩራ በነሱ ሦስት ምልክት ነው በኛም ሦስት ነው፣ ልክክ ይላል። አንድ ክፍለ ጊዜ በዚህ ይሄዳል፣ ደብተራቸው ላይ ለጥፈውት ከዓመት በኋላም ታገኙታላችሁ።

አነባበብ ላይ፦ ልጆቹ ሚልክን "ሚሩኩ" ይላሉ፣ ስትራይክን "ሱ ቶ ራ ኢ ኩ"። የማይሳቅበት ምክንያት አለ፣ የኛም ሰው "እስትራይክ" ነው የሚለው። አፍ የለመደውን አናባቢ ይሰካል በቃ። መድኃኒቱ ማጨብጨብ ነው፣ "ስትራይክ" አንድ ጭብጨባ፣ እነሱ በአምስት ያጨበጭባሉ፣ ይስቃሉ፣ በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሁለት ይወርዳል። ኤልና አር አታስጨንቋቸው፣ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው፣ ቀስ ብሎ ይመጣል።

የሰዋስው ነገር ደሞ፣ እዚህ ላይ ከፈረንጅ መምህር እኛ እንሻላለን ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ጃፓንኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ አማርኛም እንደዛው። "እኔ ውሃ እጠጣለሁ" የሚለው ቅደም ተከተል ቃል በቃል የነሱ ነው። ልጁ "አይ ዋተር ድሪንክ" ብሎ ሲጽፍ አሜሪካዊው ባልደረባዬ ከየት እንደመጣ አይገባውም፣ እኔ ግን አባቴ አሜሪካ በገባ ሰሞን እንዲህ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ቃላቱን በካርድ ጽፋችሁ መሬት ላይ ዘርጉ፣ ግሡን የያዘው ልጅ በእግሩ ከኋላ ወደ መሃል ይሂድ። ከመቶ ማብራሪያ ይበልጣል።

አብሯችሁ ያለውን መምህር አትርሱ። በወረቀት ዋናው አስተማሪ እሱ ነው እናንተ ረዳት ናችሁ፣ በተግባር ግን አንደኛ ደረጃ ላይ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ይፈራሉ። አንዴ የአንዷን መምህርት አነባበብ ልጆቹ ፊት አረምኩ፣ በቅንነት ነው ያረምኩት። ፈገግ ብላ "አመሰግናለሁ" አለች፣ ከዛ አንድ ወር ሙሉ ክፍሉ ውስጥ እንግሊዝኛ ከአፏ አልወጣም። ልጆቹም አብረዋት ዝም አሉ። ሰው ፊት አታርሙ፣ እናንተ ስታነቡ እሷም እየሰማች ታስተካክለዋለች። የነገውን ክፍል ለማውራት ስብሰባ አትጠይቁ፣ ጊዜ የላቸውም፣ አምስት መስመር ጽፋችሁ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጡ። ደሞ ልብ በሉ፣ ማርች መጨረሻ ላይ የመምህራን ዝውውር ይወጣል፣ ያሠለጠናችሁት ሰው መርከብ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ኤፕሪል ላይ ካዲስ ነው።

6. ደሴቱ

መርከብ ተማሩ። ከናጋሳኪ ወደ ጎቶ ዋና ደሴት ወደ ፉኩኤ በፈጣኗ ጀልባ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፣ መኪና በሚጭነው ፌሪ ሦስት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ከፉኩኦካ ደሞ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ተነስቶ ጠዋት የሚያደርስ አለ፣ ምንጣፍ ላይ ተኝታችሁ። ማዕበል ሲነሳ "ኬኮ" ይላሉ፣ ቀርቷል ማለት ነው፣ ይሄን ቃል ከሰላምታ በፊት እወቁት። ፈጣኗ ቀድማ ትቀራለች። እሁድ ማታ በመጨረሻዋ መርከብ እመለሳለሁ ብላችሁ አታቅዱ፣ ከቀረች ሰኞ ከዓመት እረፍታችሁ ይቆረጣል፣ እኔን ሁለቴ ቆርጦብኛል።

ቲፎን ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ይበረታል። ሊመጣ ነው ሲባል ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ዳቦና ወተት መጀመሪያ ያልቃል፣ መርከብ ካልመጣ መደርደሪያው እስከ ሦስት ቀን ባዶ ነው። መታጠቢያ ገንዳውን ውሃ ሙሉ፣ የሦስት ቀን ምግብ ይኑራችሁ። ጁን ላይ ደሞ የዝናብ ወቅት አለ፣ ሻጋታ! ነጠላዬ አረንጓዴ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዙ፣ ከቲቪ በፊት።

ቆሻሻ በየቀኑ ዓይነቱ ይለያያል፣ የከተማው የራሱ ከረጢት አለው፣ ከተሳሳታችሁ ከረጢቱ እዛው በር ላይ ይመለሳል፣ ጎረቤት ደሞ ያያል። ሁሉም ሰው ሁሉን ያያል። አንድ ተማሪዬ ሰኞ ጠዋት "ሴንሴይ፣ ቅዳሜ ቢራ ስንት ገዛህ" አለኝ፣ እናቱ ካሸር ናት። ይሄ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ደሴት አትሂዱ፣ ሰፈር ውስጥ ላደገ ሀበሻ ግን አዲስ አይደለም።

በር ላይ ጎመን፣ ዳይኮን የሚሉት ትልቅ ነጭ ራዲሽ፣ ከነጭንቅላቱ ዓሣ ተቀምጦ ታገኛላችሁ፣ ማን እንዳስቀመጠው አይጻፍም። አጣሩና መልሱ፣ ግን ወዲያው በእኩል ዋጋ አትመልሱ፣ ዕዳ መክፈል ይመስላል። እኔ ሳምንት ቆይቼ ድፎ ዳቦ እቆርስ ነበር። ዓሣ ማረድ ዩቲዩብ ላይ ሳይሆን ጎረቤት ጠይቃችሁ ተማሩ።

ምግብ ላይ፦ ትምህርት ቤት ምሳ ከልጆቹ ጋር ነው፣ አሳማ ብዙ ነገር ውስጥ አለ፣ ካልበላችሁ ገና ኦገስት ላይ በጽሑፍ አሳውቁ። ጾም ለሚጾም ግን ከባድ ነው፣ ሾርባው ሁሉ ከዓሣ የተቀዳ ነው፣ ጎቶ ላይ አጎ ከሚሉት በራሪ ዓሣ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለናንተ ትቻለሁ።

ደሞ አንድ ያልጠበቅኩት። ጎቶ ላይ ወደ ሃምሳ የሚሆን የካቶሊክ ቤተክርስቲያን አለ። ክርስትና በ1614 አገር አቀፍ ታግዶ እስከ 1873 ድረስ በድብቅ የያዙት ሰዎች ልጆች ናቸው፣ ቄስ ሳይኖራቸው ጸሎቱን በቃል እያቀባበሉ፣ መንደሮቹ በ2018 ዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የገባሁበት ቤተክርስቲያን ውስጥ ጫማ በር ላይ ይወለቃል፣ እናቶቹ ነጭ መሸፈኛ ራሳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ አልቆርብም ብዬ ከኋላ ነበር የምቀመጠው፣ ዓይኔን ስጨፍን ግን የት እንዳለሁ ይጠፋኝ ነበር።

ጥቁር መሆንን በተመለከተ፣ ልጆች ፀጉራችሁን ይነካሉ፣ ከፈለጋችሁ አስነኩ ካልፈለጋችሁ "ዳሜ" (አይሆንም) በሉና ሳቁ፣ ሁለቱም ይሠራል። ሽማግሌዎቹ ደሞ ኢትዮጵያ ስትሏቸው ወዲያው "አበበ!" ነው። ቶኪዮ 1964ን በልጅነታቸው በቲቪ አይተዋል፣ በባዶ እግሩ ሮጠ ብለው ይምላሉ፣ በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ነው፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ ነበረው፣ ግን አልከራከርም። ጣጣው በሰፈሩ የስፖርት ቀን ላይ ነው፣ ሳይጠይቁኝ ዱላ ቅብብሉ ላይ የመጨረሻው ሯጭ አደረጉኝ። አንደኛ ሆኜ ተቀብዬ አራተኛ ገባሁ። ከአሁኑ ልምምድ ጀምሩ።

ብቸኝነት ሲመታችሁ፣ ይመታችኋል፣ ብዙው ሀበሻ ያለው ቶኪዮ ካትሱሺካ የሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። በዓል ላይ ትኬት ቆርጣችሁ ሂዱ፣ የመርከቡን ቀን ብቻ ሰፋ አድርጉት።

7. ስትወጡ

የጡረታ መዋጮ ሲቆርጡባችሁ ነው የሚከርሙት፣ አገሩን ስትለቁ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከታችሁ የተወሰነውን ባንድ ጊዜ ይመልሱላችኋል፣ እስከ 5 ዓመት የሠራችሁበት ይታሰባል። ከዛ ላይ 20.42 በመቶ ታክስ ይቆረጣል፣ እሱም ደሞ ይመለሳል፣ ግን ጃፓን ውስጥ በናንተ ስም የሚያመለክት የታክስ ወኪል ሰው ከመውጣታችሁ በፊት ማስመዝገብ አለባችሁ። ባልደረባ ለምኑ፣ እሺ ይላሉ። መኪናውን በስማችሁ ትታችሁ አትሂዱ፣ ግብሩ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል።

ይሄን ሁሉ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ጨርሱት። በመጨረሻው ቀን ልጆቹ ወደብ ይመጣሉ፣ የወረቀት ጥቅል ይሰጧችኋል፣ አንዱን ጫፍ እነሱ ይዘው ሌላውን እናንተ መርከቡ ላይ ሆናችሁ ትዘረጉታላችሁ፣ መርከቡ ሲርቅ እስኪበጠስ። እዛ ላይ ቆማችሁ ፎርም የሚባል ነገር ትዝ አይላችሁም።